ወሩ ያልተጻፈበት ትል

ጡረታ በወጣሁበት ዕለት መሥሪያ ቤታችን ግብዣ ደግሶልኝ ነበር። ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ጋቢ አለበሱኝ፤ ለዚህ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ነገር ግን ከዳቦው አጠገብ፣ በዚያው ነጭ ጨርቅ ላይ፣ አንድ ብልቃጥ አምጥተው ጎለቱ። በብልቃጡ ውስጥ ፎርማሊን አለ፤ በፎርማሊኑ ውስጥ እንደ ተቀቀለ መኮሮኒ የተጥመለመለ ነጭ ትል አለ። «ይኸው የወይዘሮ አስካለ የዘመን ድካም ፍሬ!» አለ ኃላፊያችን፣ እጁን ወደ ብልቃጡ ዘርግቶ። አጨበጨቡ። ፎቶ አንሺውማ «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉ፤ ትሉም ይግባ» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ከትል ጋር ይሸኛል?

ንዴቴ ግን ከትል ጋር ፎቶ በመነሣቴ አይደለም። ትሉን ከዳቡስ ወንዝ ዓሣ ሆድ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ያኔ በእርሳስ የጻፍኩበትን ወረቀት አብሬ ብልቃጡ ውስጥ ከትቼ ነበር። ኋላ «ለእንግዳ ይታይ» ተብሎ ወደ ሰፊ ብልቃጥ ሲገለበጥ የኔ ወረቀት ተጣለ፤ በቦታው በደማቅ ቀለም «የዳቡስ ዓሣ ትል» የሚል ተለጠፈ። ወሩ ቀረ። በዚያ በቀረ ወር ምክንያት አንዲት ሴት ከገበያ ተባረረች፣ ስሟም ጠፋ። እኔም ያንን ለማቅናት የለፋሁት ሁሉ መና ቀረ። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው።

የተወለድኩት መንዝ ነው። መንዝ በግና ውርጭ ይብቃው እንጂ ዓሣ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔም ዓሣን የማውቀው በወንጌል ነበር፤ ጌታ አምስቱን እንጀራና ሁለቱን ዓሣ ባርኮ ሕዝቡን ሲመግብ። በእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ሠልጥኜ ምደባ ሲወጣ ግን «አሶሳ፣ የዓሣ ክፍል» ተባልኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ለበግ አገር ልጅ ዓሣ ምኗ ነው?» ብላ አለቀሰች። አሶሳ ከአውቶቡስ ስወርድ መጀመሪያ ያየሁት ማንጎ ነው። ከዛፉ ሥር ወድቆ ሰው እየረገጠው ያልፋል። በኛ አገር ብርቱካን እንኳ የሚገዛው ለታመመ ነበር። «ይሄ አገር ምን ያህል ቢጠግብ ነው?» አልኩ በሆዴ። እዚሁ አረጀሁ፤ ማንጎ ሲረገጥ ግን እስካሁን ያመኛል።

የተመደብኩት በጋሽ ደምሴ ሥር ነው። ጋሽ ደምሴ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ለጸሎትና ለምግብ ብቻ የሚያወልቁ የጎጃም ሰው ነበሩ። ከእኔ የበለጠ ቃል ቆጣቢ ሰው ካየሁ እሳቸውን ነው። የመጀመሪያ ቀን ጣት የምታክል ዓሣ ሳህን ላይ አስቀምጠው መቀስ ሰጡኝና፣

«ወሩ?» አሉኝ።

«ምን አሉኝ ጋሼ?»

«ወሩን ነው የጠየቅሁሽ። ይቺ ዓሣ በየትኛው ወር ሞተች?»

«ኅዳር ነዋ! ዛሬ ጧት አብረን አይደል እንዴ ያመጣናት?»

«እኔ አውቃለሁ። ነገ ይህን የሚያይ ሰው ግን አያውቅም። ዓሣዋ አፍ የላትም፤ አንቺ ተናገሪላት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆድ በተከፈተ ቁጥር «ወሩ?» ይሉኛል፤ እኔም እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ እመልሳለሁ። አብረን በሠራንባቸው ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ «ዳቡስ እንዲህ ነው» ሲሉ አልሰማኋቸውም። «ዳቡስ በኅዳር እንዲህ ነው፤ ዳቡስ በግንቦት እንዲህ ነው» ነው የሚሉት። «አሥራ ሦስቱን ወር ያላየሽውን ወንዝ አትመስክሪበት፤ ጳጉሜንም ትቆጠራለች» ይሉኝ ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ እንዲህ ነው። ዓሣው በመጣበት ወንዝ ውሃ ይታጠባል እንጂ የቧንቧ ውሃ አይነካውም። ራሱ ወደ ግራ ይተኛል። መቀሱ ጫፉ ደብዛዛ መሆን አለበት፤ ከፊንጢጣው ተጀምሮ፣ ቆዳው ወደ ላይ ሳብ እየተደረገ፣ እስከ ጉሮሮው ይቀደዳል። «ሹል መቀስ ትሉን ይቆርጠዋል፤ አንዱ ሁለት ይመስልሻል፤ ያኔ ሳታስቢው ዋሸሽ ማለት ነው።» ትል ከተገኘ ወዲያው ፎርማሊን ውስጥ አይጣልም፤ ይጨማደዳል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ያርፍና ሰውነቱን ሲፈታ፣ ሲዘረጋ፣ ያኔ ይቀመጣል። ዓሣው ራሱ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ሆዱ ሳይቀደድ አይሆንም፤ መድኃኒቱ ወደ ውስጥ ካልዘለቀ ይበሰብሳል። ወረቀቱ በእርሳስ ተጽፎ ከብልቃጡ ውስጥ ይገባል፤ ቀለም ይለቃል፣ ውጭ የተለጠፈ ደግሞ ይነሣል። ይነሣል ያሉት እውነት ነበር።

ስለ ደመወዙና ስለ ውሎ አበሉ አልጽፍም፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው።

አሁን የትሉን ነገር ልናገር፤ ያለዚያ ቁጣዬ አይገባችሁም። ይህ ትል ሰውን አይዝም፤ የወፍ ነው። ወፍ ውሃ ላይ ኩሷን ስትጥል የትሉ እንቁላል አብሮ ይወርዳል። ውሃው ውስጥ እንደ ቁንጫ ያለች፣ ዓይን የማያያት ነፍስ ትበላዋለች፤ እሷን ትንሿ ዓሣ ትበላታለች። ትሉ በዓሣዋ ሆድ ዕቃ ውስጥ ወራት ቆይቶ ያድጋል። ዓሣዋ ሆዷ ይነፋል፣ መጥለቅ ያቅታታል፣ ከውሃው ፊት በጎኗ ትንሳፈፋለች። ወፍ ትለቅማታለች፤ ትሉ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ደግሞ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግጻዌ ወሩን ጠብቆ ነው የሚሄደው። በክረምት ዳቡስ ይሞላል፣ ሜዳውን ያለብሳል፤ አዲሶቹ ዓሦች ይፈለፈላሉ፣ ይበተናሉ። በነሐሴ፣ በመስከረም፣ በጥቅምት ሆዳቸውን ብትከፍቱ ንጹሕ ነው። ኅዳር ሲገባ ውሃው ይሸሻል፤ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል። ዓሣውም፣ ቁንጫውም፣ ወፉም በአንድ ኩሬ ይታጨቃል። ትሉ ያኔ ይገባል፤ በየካቲትና በመጋቢት ፈርጥሞ ይወጣል። ሰኔ ሲመጣ ጎርፉ ሁሉን ይጠርገዋል። ይኸው ነው።

ሐሊማን ያገኘኋት በዚያ ወንዝ ዳር ነው። ሐሊማ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትኖረው ትንንሽ ዓሣ አጥምዳ፣ አድርቃ በመሸጥ ነው። እያንዳንዷን ዓሣ በአውራ ጣቷ ጥፍር ሆዷን ሰንጥቃ፣ አንጀቱን ጠርጋ፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታሰጣለች። ቅዳሜ አሶሳ ገበያ ትሸጣለች፤ የቀረውን በሚኒባስ ሸርቆሌ ላሉት ስደተኞች ትልካለች። የነዚያ ሰዎች ወጥ ያለ ደረቅ ዓሣ አይሆንም። አማርኛ ሁለተኛም አይደለም፣ ሦስተኛ ቋንቋዋ ነው፤ በርትኛም ዐረብኛም ትናገራለች። ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የምትለው። እኔ አንድ ቋንቋ ብቻ ይዤ ምን አፍ አለኝ?

የመጀመሪያ ቀን መኪናችንን አይታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እናንተ መንግሥት ወፍ ነው» አለች።

«ምን አደረግን ሐሊማ?» አሏት ጋሽ ደምሴ።

«ውሃ ሲያንስ ይመጣል። ኩሬ ዳር ይቆማል። ይበላል፣ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ ወላሂ አንድ አይታይም!»

ጋሽ ደምሴ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው፣ «አስካለ፣ ተሰደብን፤ ልክ ናት» አሉኝ። በዚያው ዓመት ክረምት በቅሎ ተከራይተን ሄድን። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። እኔ የመንዝ ልጅ ጭቃ አይገርመኝም፤ ሙቅ ጭቃ ግን ያን ቀን አየሁ። ጋሽ ደምሴ እስካሉ ድረስ ክረምት አልቀረንም።

ጡረታ ወጥተው ልጆቻቸው ወዳሉበት ማንቡክ ሲገቡ ደብዛዛውን መቀስ በፋኖሌ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። አዲሱ ኃላፊ መጣ። የተማረ ነው፣ አልዋሽበትም፤ አእምሮውም ብሩህ ነው። የመጀመሪያ ውሳኔው ግን የክረምቱን ጉዞ ማስቀረት ነበር። «በክረምት መኪና አይገባም፤ ለበቅሎ የሚሆን በጀት ደግሞ የለም» አለ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ከዚህ ነው፤ ግን የተበላሸው በአንድ በኩል ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም ነበር።

አሶሳ ውስጥና በዙሪያዋ ያለነው የደጋ ሰዎች፣ በደርግ ጊዜ የሰፈሩትም እንደ እኔ በሥራ የመጣነውም፣ ዓሣ የምናስበው መቼ ነው? በጾም። እኔ ራሴ በዐቢይ ጾም ዓሣ አልበላም፤ አባቴ ያወረሱኝ ነው። የሚበላውን ግን አልኮንንም። የሚበላው ታዲያ በሁዳዴ ይገዛል፣ ለፋሲካ ይተወዋል፣ እስከ ከርሞ ስሙንም አያነሣም። ሁዳዴ ደግሞ መቼ ነው? በየካቲትና በመጋቢት!

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ጎረቤቴ እትዬ ጥሩነሽ ክንዴን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተችኝ። እትዬ ጥሩነሽ ከወሎ የመጣች ሰፋሪ ናት፤ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ደግ።

«አስኩዬ፣ የዚህ አገር ዓሣ ምን ነክቶት ነው? ሆዱን ስከፍተው ገመድ ወጣ! ነጭ ገመድ! ልጆቹ ተሳቀቁ።»

«መቼ ነው የገዛሽው?»

«ትናንት ነዋ። በሁዳዴ። ትኩሱን፣ ከጎረምሶች።»

«በጥቅምት የገዛሽውስ?»

«አይ አንቺ! በፍስክ ዓሣ ማን ይበላል፣ ሥጋ እያለ?»

«ታዲያ በጥቅምት ሳታይው ‹የዚህ አገር ዓሣ› ትያለሽ?»

«ያየሁትን ነዋ የማወራው! ዘንድሮም አየሁ፣ አምናም አየሁ፣ ካቻምናም አየሁ።»

እውነቷን ነው፤ በየዓመቱ አይታለች። በየዓመቱ ያየችው ግን ያንኑ ወር ነው። እንዲህ እያለ ወሬው በየሰፈሩ ተነዛ፤ የዳቡስ ትንሽ ዓሣ ትላም ነው ተባለ።

ያንን የሰሙ የበላዮች «ጥናት ይካሄድ» አሉ። ጥናቱ መቼ ተካሄደ? በመጋቢት፤ መንገዱ ደረቅ ነዋ! የአጥኚዎቹ መኪና የሚደርሰው ኩሬ ላይ ደረሱ፣ ሆዱ የተነፋውንና በጎኑ የሚንሳፈፈውን ለቀሙ፤ የቀለለው እሱ ነዋ። እኔ ከፈትኩላቸው። ትሉን ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ወሩን በእርሳስ ጻፍኩ። ሪፖርቱ ሲወጣ ርዕሱ ላይ «ዓመታዊ» የሚል ቃል አየሁ። «ምኑ ነው ዓመታዊ?» ብል፣ «በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳላ!» ብለው ሳቁብኝ።

ሪፖርቱ ወደ ኮሚቴ ሄደ፤ ኮሚቴው ከፋሲካ በኋላ ተሰብስቦ ትንንሽ ዓሣ ገበያ ላይ እንዳይሸጥ ከለከለ። እኔ ለመዝገብ ተጠርቼ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ይህ ትል ሰው አይዝም፤ ደግሞም ወር ጠብቆ የሚገባ ነው» አልኩ። «ለጥንቃቄ ነው» ተባልኩ። ስብሰባው እንዳለቀ እነዚያው ሰዎች ተጠራርተው የት ሄዱ መሰላችሁ? ቁርጥ ቤት! ሰውን የሚይዘው ትል፣ ኮሶው፣ ከየት እንደሚመጣ አያት ቅድመ አያቶቻችን ያውቃሉ፤ ከጥሬ ሥጋ ነው። የኮሶ መድኃኒት በየቤቱ የማይጠፋበት አገር ልጆች ሥጋቸውን በአዋዜ እያጠቀሱ፣ ተጠብሶ ወይም ተቀቅሎ የሚበላውን የሐሊማን ዓሣ «ለጤና» ከለከሉት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ያን ቀን የተናገርኩትን ለንስሐ አባቴ ነው የነገርኩት።

ቅዳሜ ደንብ አስከባሪዎች ገበያ ገቡ። ሐሊማ ክልከላውን አልሰማችም፤ ማን ነግሯት? ጆንያዋን ነጥቀው ከገበያው ጀርባ ጉድጓድ ውስጥ ደፉትና ጋዝ አርከፈከፉበት። ሐሊማ ደረቅ ዓሣ በእጇ እየዘገነች ሆዱን ትገልጣለች። «እየው! ባዶ ነው! እየው!» ማንም አላያትም። ከዳር የቆሙ ጎረምሶች «ሐሊማ ትሉ! ሐሊማ ትሉ!» ይላሉ። ክብሪቱ ተጫረ። እኔ ስደርስ ጢሱ ወጥቷል። አየችኝ። አልጮኸችም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«አስካለ፣ አንተ የመንግሥት ሰው ነህ። አንተ ክረምት መጥተህ አይተሃል። ንገራቸው» አለች።

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። በልቤ ማልሁ።

የዚያን ዓመት ፍልሰታ እንደተፈታ ፈቃድ ወስጄ ዳቡስ ወረድኩ። ሚኒባስ እስከሚደርስበት በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግሬ። ሐሊማ ከሩቅ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አብረን አጠመድን። በክረምት ዓሣ ይበታተናል፤ በደህና ቀን የሚሞላው ቅርጫት ሲነጋም ሲመሽም ግማሽ ነው። ወንዝ ዳር ተቀምጬ ከፈትኩ፤ ባዶ። ሌላ ከፈትኩ፤ ባዶ። ሐሊማ አጠገቤ ተጎልታ «ወሩ?» ትላለች፤ ከጋሽ ደምሴ የሰማችው ነው። «ነሐሴ!» እላለሁ። እንደ ልጆች እየተቀባበልን ሳቅን። ፎርማሊን ውስጥ ደረደርኳቸው፤ ሆዳቸውን ቀድጄ፣ እንደ ሥርዓቱ።

ከመመለሴ በፊት ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ማንቡክ ደወልኩ።

«ወሩ?» አሉ ጋሽ ደምሴ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ነሐሴ፣ ጋሼ። ሁሉም ንጹሕ ነው። በብልቃጥ ይዣለሁ።»

«አስካለ፣ ትል ይዞ ስብሰባ መግባት ቀላል ነው፤ ሁሉም ያየዋል። የሌለን ነገር ይዞ መግባት ግን ከባድ ነው። ዓሣውን ወደነሱ አትውሰጂ፤ እነሱን ወደ ወንዙ አምጫቸው።»

ልክ ነበሩ። ለመንኳቸውም። ኃላፊው «በዚህ ጭቃ?» አለ። ስለዚህ ብልቃጦቹን ይዤ ገባሁ። የደረሰብኝ ይህ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያ የመጋቢት ትል፣ በሰፊው ብልቃጥ፣ አምሮና ተንቀባርሮ ተቀምጧል። የኔን አጠገቡ ደረደርኩ። አንዱ የኮሚቴ አባል መነጽሩን አውልቆ አየ፣ አድርጎም አየ።

«ይሄ ላይ ምንም የለም» አለ።

«አዎ፤ ያመጣሁት እሱኑ ነው» አልኩ።

«እኮ፤ ምንም የሌለውን ምን ብለን እንውሰደው?»

«የነሐሴ ዓሣ ትል የለውም ብላችሁ።»

ሌላው ብልቃጡን አንሥቶ ወዘወዘ። «ቆይ፣ ሆዱ ተቀዷል እኮ።»

«ካልተቀደደ ይበሰብሳል፤ መድኃኒቱ እንዲገባ ነው።»

«ታዲያ ትሉን አውጥተሽው እንደሆነስ በምን እናውቃለን?»

እላችኋለሁ፣ ጋሽ ደምሴ ያስተማሩኝን ሥርዓት ባልጠብቅ ኖሮ «በስብሷል፣ አይታይም» ይሉኝ ነበር፤ ብጠብቀው ሌባ አደረጉኝ። ትል ሰራቂ! ከመጋቢቱ ዓሣ ትል ሳወጣ «ባለሙያ» ነበርኩ፤ ከነሐሴው ሳላወጣ «አውጥተሽው ይሆናል» ሆንኩ። በመስቀል ምዬ ልናገር ፈለግሁ፤ ግን መስቀል ለኮሚቴ አይቀርብም። ብልቃጦቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ክልከላው እንዳለ ጸና።

ኃላፊው በኮሪደር ተከተለኝ። «እትዬ አስካለ፣ አይቀየሙን» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። «እኔም የሚሉትን አውቃለሁ። እውነትዎን ነው። ግን ‹ዓመታዊ› ብለን አውጥተነዋል። አሁን ‹ለካ የአንድ ወር ነው› ብል ማን ያምነኛል?»

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ባያውቅ ኖሮ እጸልይለት ነበር፤ እያወቀ ነው። ቃሉ ከሚጎድፍ የሐሊማ እንጀራ ቢቆረጥ መረጠ።

ጋሽ ደምሴ ያን ዓመት ማንቡክ አረፉ። መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ ነበር፤ ለቅሶ አልደረስኩም። ለዓርባቸው እዚሁ አሶሳ ጸሎተ ፍትሐት አስደረግሁ። ሐሊማ በመንደሯ ዓሣዋን በድብቅ እየሸጠች፣ ማሽላ እየዘራች ቆየች። አሶሳ ገበያ ግን እግሯ አልረገጠም። እኔም ላቦራቶሪ ውስጥ መቀሴን ይዤ፣ በየበጋው የሚመጣልኝን ዓሣ እየከፈትኩ፣ ወሩን እየጻፍኩ፣ የጻፍኩት ሲጣል እያየሁ ጡረታዬ ደረሰ።

ከመሸኛው ማግስት ጋቢውን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። መንዝ እንድገባ ዘመድ ጠርቶኛል፤ «ቆዩኝ» አልኳቸው። በጥቅምት ዳቡስ ወረድኩ።

«ሐሊማ፣ ቅዳሜ አሶሳ እንውጣ።»

«ዓሣዬን ያቃጥላል።»

«አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ዓሣውን ሳትሰነጥቂ፣ ትኩሱን፣ እንዳለ ይዘሽ ነይ።»

«አንተ አሁን መንግሥት አይደለህም። ጡረታ ነህ።»

«ስለዚህ ነዋ የመጣሁት።»

ቅዳሜ ጧት የድሮ ቦታዋ ላይ ሸራ ዘርግተን ተቀመጥን። ዓሣው በቅጠል ላይ ያብለጨልጫል። እኔ ሳህኔን፣ ደብዛዛውን መቀስ፣ አንድ ጀሪካን የወንዝ ውሃ ይዣለሁ። ሰው ከበበን፤ ብዙ ሳይቆይ ደንብ አስከባሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሕትና አለው።

«እማማ፣ ይሄ ክልክል ነው። ትል አለው።»

«ማን አየው?»

«ጥናት አለ።»

«ጥናቱን ተወው። እንካ መቀሱን።»

«እኔ?»

«አንተ። እኔ ብከፍት አውጥታው ነው ትላላችሁ። የፈለግኸውን መርጠህ፣ ራሱን ወደ ግራ አስተኝተህ፣ ከዚህ ጀምረህ ቅደድ።»

ሰው ሳቀ፤ ልጁ አፈረና መቀሱን ተቀበለ። ቀደደ። ባዶ። ከሥር ቆፍሮ ሌላ አወጣ፤ ቀደደ፤ ባዶ። ሦስተኛውን ሐሊማ ራሷ መርጣ ሰጠችው። ባዶ።

«ታዲያ ትሉ የታለ?» አለኝ፣ ተቆጥቶ፤ ያታለልኩት ይመስል።

«የካቲት ላይ» አልኩት።

መቀሱን በወንዙ ውሃ አጥቦ መለሰልኝና ሄደ። አልከለከለንም፤ አልፈቀደልንምም። ያን ቀን ቅጠሉ ላይ የቀረ ዓሣ አልነበረም።

የተጋጨነው በየካቲት ነው፤ እኔና ሐሊማ። «በዚህ ወር አልወጣም፤ ትል አለው። ቢያዩት ያልቃል ነገሩ» አለች። «በጥቅምት እውነቱን አሳይተን በየካቲት ብንደብቅ ከእነሱ በምን ተሻልን?» አልኳት። ተኮራረፍን። ሁለት ቅዳሜ ብቻዬን ገበያ ሄጄ ባዶ ቦታዋ አጠገብ ቆሜ ተመለስኩ። በቀጣዩ ሳላስበው ሸራዋን ዘርግታ አገኘኋት። ከጎኗ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዋ ገዢ ማን ትሆን? እትዬ ጥሩነሽ! ሁዳዴ ገብቶ አይደል። ሐሊማ አንድ ሆዱ የተነፋ ዓሣ አነሣች፣ በጥፍሯ ሰነጠቀችው፣ ትሉን በሁለት ጣቷ ሳበችው። ረዘመ፣ ረዘመ። ሰው «ኡ!» አለ። ከገበያው ጠርዝ ቆማ የምትጠብቅ አባ ኮዳ አንገቷን አሰገገች፤ ሐሊማ ልትወረውርላት ስትል እጇን ያዝኩ።

«ለወፍ አይሰጥም! መልሳ ውሃ ውስጥ ትጥለዋለች። አመድ ውስጥ ቅበሪው።»

«ይኸውልሽ አስኩዬ! ገመድ!» አለች ጥሩነሽ። «አላልኩም?»

«ብለሻል። ወሩ?»

«የካቲት ነዋ! ምን ወሩን ትጠይቂኛለሽ?»

ሐሊማ የጸዳውን ዓሣ አጥባ፣ ውስጡን ገልብጣ አሳየቻት። «ትሉ የወፍ ነው። ወጥቷል። ዓሣው ያንተ ነው። አጥብቀህ ጥበስ።»

እትዬ ጥሩነሽ አገላብጣ አየች፤ አሸተተች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዱ ዓይኗ እያየ የተጠረገ ዓሣ ሲቀርብላት ነበር። ዘንቢሏን ከፈተች።

«እሺ፤ ግን በጥቅምት ንጹሕ ነው የሚሉት እውነት ነው?» አለች።

«ወላሂ እውነት ነው።»

«እንግዲያውስ ያንን ንጹሑን ለምን ሳትሸጪልኝ ቀረሽ?»

ሐሊማ የሚቀጥለውን ዓሣ አነሣችና ቀና አለች።

«በጥቅምት መቼ መጣህ?»